በሬ በምን ይሰባል

ልጆች ሆይ፣ በወላይታ አገር በሬ ማድለብ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የመጣ ጥበብ ነው። አገሩ ሰው የበዛበት፣ የእርሻውም መሬት ጠባብ ስለ ሆነ ሰፊ መሰማሪያ አይገኝም። ስለዚህ በሬው ወደ ሣሩ አይሄድም፤ ሣሩ ወደ በሬው ይመጣለታል። ገበሬው በሬውን በቤቱ አስሮ የታጨደ ሣር፣ የእንሰት ቅጠል፣ የስኳር ድንች ሐረግና የበቆሎ አገዳ በእጁ እያቀረበ ይቀልበዋል። እበቱም አይጣልም፤ ለእንሰቱ ፍግ ይሆናል። በመስከረም ጊፋታ የተባለው የወላይታ ዘመን መለወጫና የመስቀል በዓል ሲደርሱ፣ በሚያዝያም ፋሲካ ሲቃረብ፣ የሰባው ሰንጋ ወደ ገበያ ይወጣል።

ከሶዶ ከተማ አጠገብ፣ በዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ አንድ ገበሬ ነበረ። በታኅሣሥ መጨረሻ ገንዘብ ተበድሮ አንድ ከሲታ በሬ ገዛ። ልጁንም ጠርቶ፣ «ልጄ ሆይ፣ ለፋሲካ ይህ በሬ ሲሸጥ ዕዳችን ይከፈላል፤ የተረፈውም ለአንተ ደብተርና ልብስ ይሆናል። እኔ እርሻ ስውል አንተ መግበው፤ በቀን ሁለት ጊዜም አጠጣው» አለው።

ልጁም ጥቂት ቀን በትጋት ሠራ። ከዚያ በኋላ ግን ጨዋታ ወደደ። የቀኑን መኖ ሁሉ ማለዳ በአንድ ጊዜ ከምሮ ይሄድ ጀመር። በሬውም ጥቂት ከበላ በኋላ የቀረውን ረገጠው፤ እበትም ነካው፤ አሽትቶም ተወው። በጋ ስለ ነበረ ምንጩ ሩቅ ነበር፤ ልጁም ውሃ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ያመጣ ነበር። አባቱ «አጠጣኸውን?» ብሎ ሲጠይቀው ግን «አዎን አባቴ፣ ሁለት ጊዜ» ይል ነበር።

አባትየው በሬውን በገዛበት ቀን፣ ከፊት እግሮቹ በስተኋላ የደረቱን ዙሪያ በገመድ ለክቶ፣ ልኩን ቋጥሮ አስቀምጦ ነበር። ጥር ሲያልቅ እንደ ገና ቢለካው ገመዱ በዚያው ቋጠሮ ላይ ገጠመ። በሬው ምንም አልጨመረም። አባትየውም አዝኖ፣ «ይህ በሬ ታሟል፤ ሳይሞትብኝ ነገ በርካሽ እሸጠዋለሁ» አለ።

ልጁ በዚያ ሌሊት እንቅልፍ አጣ። ሳይነጋ ተነሥቶ፣ «አባቴ ሆይ፣ በሬው አልታመመም፤ እኔ ዋሽቻለሁ» ብሎ ሁሉን ተናገረ።

አባትየው ጥቂት ዝም ብሎ ቆየ፤ ነገር ግን አልመታውም። ወደ በሬው ወስዶ እንዲህ ሲል አስተማረው፤ «በሬ የበላው መኖ አስቀድሞ ለሕይወቱ ይውላል፤ ለመተንፈስ፣ ለመቆም፣ ሙቀቱን ለመጠበቅ። ሥጋና ስብ የሚሆነው ከዚህ የተረፈው ብቻ ነው። ውሃ የጠማው በሬ ደረቅ መኖ አይበላም፤ ስለዚህ አጠጣው። መኖውን በጥቂት በጥቂቱ፣ ንጹሑን አቅርብለት። ከበላ በኋላ አታውከው፤ ተኝቶ ያመስኳ። ያልለመደውንም እህል በድንገት አታብዛበት፤ ሆዱ ይነፋል።»

ልጁም እንደ ታዘዘው አደረገ። መጋቢት ሲፈጸም አባትየው ለካው፤ የገመዱ ቋጠሮ በአራት ጣት አልደርስ አለ። በሬው ለፋሲካ ተሸጠ፤ ዕዳውም ተከፈለ፤ ደብተርም ተገዛ። ለልብስ ግን ገንዘብ አልተረፈም፤ የባከነው የጥር ወር አልተመለሰምና። አባትየውም፣ «ውሸትህ ከእኔ ተሰውሮ ነበር፤ ከገመዱ ግን አልተሰወረም» አለው።

ገበሬው ያስተማረው ነገር እውነት ነው። የበሬ ሆድ አራት ክፍል አለው። በታላቁ ክፍል ውስጥ በዓይን የማይታዩ እጅግ ጥቃቅን ሕያዋን ይኖራሉ፤ ሣሩን የሚያፈርሱለት እነርሱ ናቸው። መኖው በድንገት ሲለወጥ ሥራቸው ይታወካል። በሬው የዋጠውንም መልሶ በቀን ከ6 እስከ 8 ሰዓት ያህል ያመሰኳል፤ ስለዚህ ዕረፍት ያስፈልገዋል። በሆዱ ትል፣ በቆዳው መዥገር ያለበት በሬ ግን ቢበላም በደኅና አይሰባም። በቆላም ዝንብ የሚያመጣው ገንዲ የተባለ በሽታ ያከሳዋል። እንዲህ ያለውን ለእንስሳት ሐኪም ማሳየት ይገባል።

በሌሎች አገሮች እሪያ የሚያረቡ ሰዎችም ይህን የመሰለ ነገር ያውቃሉ። እሪያ እንደ ሰው በላብ ሰውነቱን ማቀዝቀዝ ስለማይችል፣ ሙቀት ሲበዛበት መብሉን ይቀንሳል፤ ውሃ ሲያጣና ስፍራው ሲጠበውም እንዲሁ ነው።

እንግዲህ ልጆች ሆይ፣ እንስሳ ተርቤአለሁ፣ ተጠምቻለሁ ብሎ መናገር አይችልም። ስለዚህ ጠባቂው ትጉህና እውነተኛ ሊሆን ይገባዋል። ሰው ባያየን እንኳ፣ የሠራነውና ያልሠራነው በጊዜው ይለካል።

ጥያቄ።
፩ኛ፤ በሬው የተከመረለትን መኖ ስለ ምን ተወው?
፪ኛ፤ ከበላው መኖ ሥጋና ስብ የሚሆነው የትኛው ነው?
፫ኛ፤ ልጁ እውነቱን ባይናገር ኖሮ በቤተ ሰቡ ላይ ምን ይደርስ ነበር?