የሚተከል ነገር ተቆጥሮ ይፈታል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የዛሬው ትምህርታችን በግቢያችን ጥግ ካቆምነው የቆርቆሮ ዕቃ ቤት ተነሥቶ ወደ ትንሣኤ ሙታን ያደርሰናል። መንገዱ የተራራቀ ቢመስልም መካከሉ ላይ ሙሴ በምድረ በዳ የተከላት ደብተራ ኦሪት አለች፤ እርሷን ተከትለን ከሄድን አንስትም።

ዕቃ ቤቱ እንዴት ይፈታል?

በኪራይ የኖረ ሰው ይህን ያውቀዋል። አጽሙ ቱቦላሬ፣ ግድግዳውና ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ ትንሽ ዕቃ ቤት ተከራዩ በራሱ ገንዘብ ያሠራል፤ መሬቱ ግን የአከራዩ ነው። ቤት የሚለቀቅበት ቀን ሲደርስ ሁለት ዓይነት ሰው ይታያል።

አንዱ መዶሻና ዲጂኖ ይዞ ይነሣል። እስከ እኩለ ቀን ጨርሶ በአይሱዙ ይጭነዋል። አዲሱ ግቢ ሲደርስ ግን የቆርቆሮው ቀዳዳ ከብረቱ አይገጥምም፣ ጠርዙ ተጣሟል፣ ቡሎኑ ከግማሽ በላይ የለም። ያመጣው ቤት ሳይሆን የብረት ክምር ነው።

ሌላው አስቀድሞ ውስጡን ባዶ ያደርጋል። አራቱንም ጎን በስልኩ ፎቶ ያነሣል። በእያንዳንዱ ቆርቆሮ የውስጥ ገጽ ላይ በማርከር «ምሥራቅ 1»፣ «ምሥራቅ 2» እያለ ይጽፋል። ዋዜማውን የዛጉትን ቡሎኖች ናፍጣ ያጠጣቸዋል። የዛገ ቡሎን በጉልበት ሲጠመዘዝ አንገቱ ይቆረጣል፤ ናፍጣ ጠጥቶ ያደረው ግን መጀመሪያ ትንሽ ይንጫጫል፣ ከዚያ ቡናማው ዝገት በጥርሱ መካከል እየወጣ ዳዶው በእጅ እስኪዞር ድረስ ይላላል። ሰውየው ቡሎኑን፣ ሩንዴላውንና ዳዶውን መልሶ አንድ ላይ ይገጥምና የጎኑ ስም በተጻፈበት ጣሳ ውስጥ ያኖረዋል። በር ይቀድማል፣ ጣሪያ ይከተላል፣ ከዚያ ግድግዳ፣ በመጨረሻ አጽሙ ይፈታል። ነፋስ ባለበት ቀን አይነካውም፤ ነፋስ ያነሣው ቆርቆሮ ሰው ይቆርጣልና። ሲተክል ደግሞ ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል፤ ወለሉን በውሃ ልክ ያስተካክላል፣ ከማዕዘን ማዕዘን በሲባጎ ይለካል፣ ሁለቱ ሰያፍ ልኮች እኩል ሲሆኑ ብቻ ግድግዳውን ያቆማል።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የጉልበት ወይም የመሣሪያ አይደለም። ሁለተኛው የሚቆጥረው ነገ መልሶ እንደሚተክል ስለሚያምን ነው። ይህን ያዙልኝ።

ደብተራ ኦሪት እንዴት ትጓዝ ነበር?

በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 26 እንደተጻፈው ድንኳኒቱ ቁመታቸው 10 ክንድ፣ ወርዳቸው አንድ ክንድ ተኩል የሆኑ 48 የግራር ሳንቆች ነበሯት፤ 20 በደቡብ፣ 20 በሰሜን፣ 8 በስተ ምዕራብ። እያንዳንዱ ሳንቃ በሁለት የብር እግሮች ላይ ይቆማል። የመጋረጃው ምሰሶዎች እግሮች ሲጨመሩ ጠቅላላው 100 ነው፤ ለእያንዳንዱም አንድ መክሊት ብር ገብቶበታል። አንድ መክሊት በዛሬው ሚዛን ከ30 ኪሎ በላይ እንደሚሆን ይገመታል። እንግዲህ እግሮቹ ብቻ ምን ያህል ሸክም እንደሆኑ አስቡት!

ደመናው ከድንኳኒቱ ላይ ሲነሣ ሕዝቡ ይነሣል፤ ሲያርፍ ይሰፍራል። ሁለት ቀንም ሊሆን ይችላል፣ ወርም፣ ከዚያም በላይ። ስለዚህ ሥራው ለሌዋውያን ተከፋፈለ። የቀዓት ልጆች ታቦቱንና ንዋያተ ቅድሳቱን በትከሻቸው ይሸከማሉ። የጌድሶን ልጆች መጋረጃዎቹን ይይዛሉ። ሳንቃው፣ መወርወሪያው፣ ምሰሶው፣ እግሩ፣ ካስማውና አውታሩ የሜራሪ ልጆች ድርሻ ነው። ለጌድሶን ሁለት ሠረገላና 4 በሬ፣ ለሜራሪ 4 ሠረገላና 8 በሬ ተሰጣቸው። ለቀዓት ልጆች ሠረገላ አልተሰጣቸውም፤ ታቦት በትከሻ እንጂ በሠረገላ አይሄድምና። በዳዊት ዘመን ይህ ሥርዓት ተዘንግቶ ታቦቱ በአዲስ ሠረገላ በተጫነ ጊዜ ታቦቱን በእጁ ነክቶ በሞተው በዖዛ ላይ የደረሰውን ታውቃላችሁ።

አሁን ወደ ዘኍልቍ ምዕራፍ 4 እንሂድ። የሜራሪ ልጆች የሚሸከሙትን ዕቃ በየስሙ ቆጥረው እንዲረከቡ ታዘዙ። ካስማ በምድረ በዳ ቢጠፋ ሌላ ይሠራል፤ አውታር ቢበጠስ ሌላ ይገመዳል። ታዲያ ለምን በስም ይቆጠራል? ድንኳኒቱ የምትነሣው ልትጣል ስላልሆነ ነው። ዛሬ ከአሸዋ የተነቀለው ካስማ ነገ በሌላ አሸዋ ይተከላል። ቆጠራው ራሱ የተስፋ ምስክር ነበር።

ዘጸአት ምዕራፍ 40 አተካከሏን ሲነግረን እግሮቹን አስቀድሞ ሳንቆቹን ያስከትላል፤ ከዚያ መወርወሪያዎቹና ምሰሶዎቹ፣ ቀጥሎም መደረቢያው ይመጣል። ታቦቱና ንዋያተ ቅድሳቱ በየቦታቸው ገብተው ሁሉም ሲፈጸም የእግዚአብሔር ክብር ማደሪያውን ሞላው።

የሥጋችን ድንኳን

ቅዱስ ጳውሎስ በእጁ ሥራ ድንኳን ሰፊ ነበር። ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው ሁለተኛ መልእክቱ ምዕራፍ 5 ሥጋችንን በድንኳን መስሎ ይናገራል፤ ቅዱስ ጴጥሮስም ሞቱ መቅረቡን ያስታወቀው ድንኳኑን ለቅቆ እንደሚሄድ ሰው ሆኖ ነው። ሞት ለክርስቲያን ምንድን ነው? በዲጂኖ መፍረስ ነው ወይስ ለመተከል መፈታት? ቤተ ክርስቲያን መልሷን በጸሎተ ሃይማኖት ሰጥታለች። በ381 እ.ኤ.አ. በቁስጥንጥንያ የተሰበሰቡት 150 ሊቃውንት የሙታንን ትንሣኤ ተስፋ እንደምናደርግ አጽንተው አስተማሩ። በድን የሚታጠበው፣ የሚገነዘው፣ ዕጣን የሚታጠንለትና ጸሎተ ፍትሐት የሚደረስለት ስለዚህ ነው። የሚጣል ነገር እንዲህ አይከበርም።

«ሥጋ በስብሶ አፈር ከሆነ፣ አውሬ ከበላው፣ ባሕር ካሰጠመው ምኑ ይቆጠራል?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ ቆጣሪው እኛ አይደለንም የሚል ነው። የራሳችን ጠጉር እንኳ በእርሱ ዘንድ የተቆጠረ መሆኑን ጌታችን አስተምሮናል። ነቢዩ ሕዝቅኤል በምዕራፍ 37 በሸለቆው ያየውንም አስተውሉ። አጥንት ከሌላ አጥንት ጋር እንዲሁ አልተጋጠመም፤ እያንዳንዱ ወደ የራሱ አጥንት ሄደ። ቀጥሎ ጅማት፣ ከዚያ ሥጋ፣ ከዚያ ቆዳ፣ በመጨረሻም መንፈስ ገባባቸው። በደብተራ ኦሪት አጽሙ ቆሞ፣ መደረቢያው ተዘርግቶ፣ በመጨረሻ ክብሩ እንደሞላት እንዲሁ ነው።

ሆኖም ምሳሌ ከአማናዊው ያንሳል። ዕቃ ቤቱ ሲተከል ከነዝገቱና ከነጭረቱ ነው። የእኛ ትንሣኤ ግን እንዲህ አይደለም፤ የማይበሰብስ ሆኖ እንደሚነሣ ሐዋርያው በመጀመሪያይቱ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 15 አስረድቷል። ሰውየው ያው ራሱ ነው፤ ብልየቱ ግን አብሮት አይነሣም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ቤት ስትለቁ ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል ድርሻውን በስሙ ስጡት። ጣሳውን የያዘ ሕፃን የሜራሪን አገልግሎት ያገለግላል፤ ካስማ ተሸካሚው ከሌለ ታቦት ተሸካሚው ማረፊያ የለውም።

ሁለተኛ፣ የለቀቃችሁትን ቦታ አጽዱ። ምሰሶ የተነቀለበትን ጉድጓድ ድፈኑ፣ የወደቀ ምስማር ልቀሙ። ከእናንተ በኋላ የሚገባው ሰው ባልንጀራችሁ ነው።

ሦስተኛ፣ ሥጋችሁን እንደሚተከል ድንኳን ያዙት። በስካርና በዝሙት አታፍርሱት፤ በጾም፣ በጸሎት፣ በንስሓና በቅዱስ ቍርባን ጠብቁት። ባለቤቱ ሲመጣ ይጠይቀዋልና።

ለዚህ ተስፋ ያብቃን፤ አሜን። ወስብሐት ለእግዚአብሔር።