በእግዚአብሔር ስለ መታመንና ቃሉን ስለ ማስተዋል

ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፤ በእግዚአብሔር መታመን እንዲገባ ሁላችን እንናገራለን። ነገር ግን እግዚአብሔር የሰጠውን ተስፋና ያልሰጠውን ለይተን ካላወቅን በምን እንታመናለን? ያልተሰጠውን ተስፋ ተሰጥቶኛል የሚል ሰው፥ የጠበቀው በቀረ ጊዜ እግዚአብሔርን ያማል። ስለዚህ በእርሱ መታመንና ቃሉን ማስተዋል አይለያዩም፤ አንዱ ያለ ሌላው አይቆምም።

ይህ ነገር በአዲስ አበባ በምሥራቅ በኩል ባለው በቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለሚሠሩት ሰዎች የዕለት ኑሮ ጉዳይ ነው። ይህ ስፍራ መንግሥት ካሠራቸው የኢንዱስትሪ ፓርኮች የመጀመሪያው ሲሆን፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2014 ሥራ ጀመረ። በዚያ ልብስና ጫማ ለውጭ አገር ገበያ ይሠራል፤ ከሠራተኞቹም የሚበዙት ወጣት ሴቶች ናቸው፥ ብዙዎቹም ከገጠር የመጡ። አሜሪካ በ2000 ባወጣችው የንግድ ሕግ ምክንያት የኢትዮጵያ ልብስ ያለ ቀረጥ ወደዚያች አገር ይገባ ነበር። በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት በሆነ ጊዜ ግን፥ ከ2022 የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ አገራችን ከዚህ ዕድል ታገደች። ከዚህም የተነሣ በአገራችን አንዳንድ የስፌት ፋብሪካዎች ትእዛዝ አጡ፥ ሠራተኞችንም አሰናበቱ።

እንግዲህ የቤት ኪራይ የሚጠብቃት፥ ከደመወዟም ቈርሳ ለወላጆቿ የምትልክ እኅት ሥራዋን ባጣች ጊዜ ምን ትበል? አንዱ መጥቶ፥ እምነት ቢኖርሽ ኖሮ ሥራሽ ባልጠፋ ነበር ይላታል። ሁለተኛው፥ ጸልየሽ ተቀመጪ እንጂ ሌላ ሥራ አትፈልጊ ይላታል። ሦስተኛውም ገንዘቧን ተቀብሎ ትንቢት ይነግራታል። ሦስቱም ጥቅስ አያጡም። ነገር ግን ፈታኙ ራሱ ከመዝሙር እንደ ጠቀሰ፥ ጌታችንም በሌላ የመጽሐፍ ቃል እንደ መለሰለት በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 4 ተጽፏል። በስፌት ቤት የምትሠራ ሴት ይህን በቀላሉ ታስተውላለች፤ የተሰፋ ልብስ ከናሙናው ጋር ሳይተያይ አያልፍምና። የቤርያ ሰዎችም ከሐዋርያው ከጳውሎስ አፍ የሰሙትን ስንኳ በየዕለቱ በመጻሕፍት ይመረምሩ ነበር። እኛስ ከማን የሰማነውን ሳንመረምር እንቀበላለን?

መጽሐፍስ ለዚህች እኅት ምን ይላታል?

በመጀመሪያ፥ በአንደኛ ነገሥት በምዕራፍ 17 ስለ ኤልያስ ታንብብ። ወደ ኮራት ፈፋ የላከው እግዚአብሔር ነበረ፤ በዚያም ቁራዎች መገቡት። ያም ፈፋ ደረቀ። የደረቀው ዝናም ስላልዘነመ ነው እንጂ ኤልያስ እምነት ስለ ጎደለው አይደለም። እግዚአብሔርም ፈፋው እንዳይደርቅ አላደረገም፤ ወደ ሰራፕታ እንዲሄድ ግን አዘዘው፥ እርሱም ተነሥቶ ሄደ። እንግዲህ ሥራ ማጣት የአለማመን ምልክት አይደለም፤ በደረቀ ፈፋ አጠገብ ተቀምጦ መቅረትም እምነት አይደለም።

ሁለተኛም፥ ጌታችን ስለ ሜዳ አበቦች በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 6 የተናገረውን ታስተውል። አበቦች የማይፈትሉ መሆናቸውን ሲናገር የከለከለው ጭንቀትን ነው እንጂ ሥራን አይደለም። ወፎችም ምግባቸውን ከእግዚአብሔር ያገኛሉ፤ ሆኖም ከጎጆአቸው ወጥተው ይፈልጋሉ። ጳውሎስም ድንኳን እየሰፋ በእጁ ሥራ ይኖር ነበር።

ሦስተኛም፥ ይህ ቃል ደመወዝ ላላቸው ደግሞ ተጽፏል። እግዚአብሔር ኤልያስን የመገበው በአንዲት ድኻ መበለት እጅ ነውና። በአንድ ቤት አብራችሁ የምትከራዩ እኅቶች ሆይ፤ ሥራዋን ላጣችው ጓደኛችሁ ኪራይዋን ብትሸፍኑላት፥ እግዚአብሔር በእናንተ እጅ ተስፋውን ይፈጽማል።

በአገራችንም ለዚህ ምስክር አለን። ኦኔሲሞስ ነሲብ በሕፃንነቱ ከኢሉባቦር ተሰርቆ ተሸጠ፤ በምጽዋ ነፃ ወጥቶ ተማረ። ወንጌልን ለወገኖቹ ለኦሮሞ ሕዝብ ለማድረስ በሱዳን በኩል ሞከረ፥ መንገዱ ተዘጋ፤ በእንጦጦ በኩልም ሞከረ፥ አልሆነለትም። ወደ ምጽዋ አቅራቢያ ወደ እምኩሉ ተመልሶ ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። እንደ እርሱ ከባርነት ነፃ ከወጣችው ከአስቴር ጋኖና ከሌሎች ረዳቶች ጋር መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መለሰ። አዲስ ኪዳን በ1893፥ መላው መጽሐፍም በ1899 ታተመ። ወደ ወለጋ የገባው በ1904 ነው፤ በዚያን ጊዜም ለሕዝቡ በቋንቋቸው የታተመ መጽሐፍ ነበረው። መንገዱ በተዘጋበት ዘመን የተሠራው ሥራ መንገዱ ሲከፈት ተገኘ።

እንግዲህ እንዲህ እናድርግ። ጠዋት ወደ ሥራ ሳንሄድ፥ ወይም በምሳ ዕረፍት፥ በመጽሐፍም ቢሆን በስልክም ቢሆን አንድ ክፍል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እናንብብ። ሦስት ነገርም እንጠይቅ፤ እግዚአብሔር በዚህ ምን ተስፋ ሰጠ? ምንስ አዘዘ? ሰዎች የሚሉትን ነገር ግን እርሱ ያላለው የትኛው ነው? ማታም ከጓደኞቻችን ጋር እንነጋገርበት። ችግር ሳይመጣ እንዲህ የለመደ ሰው፥ በመጣ ጊዜ ማንም በጥቅስ አያታልለውም።

ፋብሪካ ይከፈታል፥ ይዘጋልም፤ የእግዚአብሔር ቃል ግን ጸንቶ ይኖራል። እርሱ የሚያስተውል ልብ፥ የሚሠራም እጅ ይስጠን። አሜን።