ካምቢዮ ሲጮህ ምክንያቱ እንዴት ይገኛል?

ባለፈው የክረምት ዕረፍት የአባቴን ሞተር ብስክሌት ካምቢዮ ቤታችን ውስጥ ፈትቼ፣ ያረጁትን ሁለት ኩሽኔታዎች ለውጬ፣ መልሼ ገጥሜው ነበር። ነገር ግን ከገጠምኩት በኋላ ቀድሞ ያልነበረ ድምፅ ተሰማ። የድምፁን ምክንያት ያገኘሁበት መንገድ ለትምህርታችንም ሆነ ሞተር ላላቸው ወላጆች ይጠቅማል ብዬ ስላሰብኩ ይህን አጭር ጽሑፍ አቅርቤአለሁ።

አስቀድሞ የካምቢዮን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። በውስጡ ሁለት አልቤሮዎች አሉ። አንደኛው መዞርን ከፍሪሲዮን ይቀበላል፤ ሁለተኛው በፒኞንና በካቴና አማካይነት ለኋላው እግር ያስተላልፋል። ባለ 5 ማርሽ በሆነው ሞተራችን 5 ጥንድ ጥርሳም መዘውሮች ሁልጊዜ እንደ ተናከሱ ይኖራሉ። ማርሽ ስናስገባ የምንለውጠው ከ5ቱ ጥንዶች የትኛው ከአልቤሮው ጋር እንደሚቆላለፍ ብቻ ነው። ስለዚህ በዜሮ ማርሽ ላይ እንኳ መዘውሮቹ ይዞራሉ፤ የታመመ ጥርስም ካለ ድምፁ ይሰማል።

ምርመራው እንደሚከተለው ነው።

1ኛ/ ሞተሩን በዜሮ ማርሽ አስነሥቶ የፍሪሲዮኑን እጀታ መጨበጥና መልቀቅ። ስንጨብጥ ድምፁ ከጠፋ ችግሩ በአንደኛው አልቤሮ ወይም እርሱ በሚያዞራቸው መዘውሮች ላይ ነው። ስንጨብጥም ካልጠፋ ፍሪሲዮኑን ወይም ከሞተሩ ወደ ፍሪሲዮኑ የሚያስተላልፈውን መዘውር እንጠርጥር። ስንጨብጥ ብቻ የሚሰማ ከሆነ ፍሪሲዮኑን የሚያላቅቀው ክፍል ይመርመር።

2ኛ/ እየነዱ ማርሾቹን በየተራ መሞከር። በአንድ ማርሽ ብቻ የሚበረታ ድምፅ የዚያ ጥንድ ነው። በሁሉም እኩል ከተሰማ የአልቤሮዎቹ ኩሽኔታዎች ይታያሉ።

3ኛ/ ሞተሩን አጥፍቶ በዜሮ ማርሽ መግፋት። ድምፁ አሁንም ካለ ካቴናውን፣ የእግሩን ኩሽኔታና ሁለተኛውን አልቤሮ መመልከት ነው።

4ኛ/ የድምፁን ዓይነት መለየት። ያልተቋረጠ እርር የሚል ድምፅ ብዙ ጊዜ የኩሽኔታ ነው፤ እየቆጠረ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ግን የአንዲት ጥርስ ጉዳት ሊሆን ይችላል።

የእኔ ድምፅ በዜሮ ማርሽ ቀስ ብሎ ይቀጫቀጭ ነበር፤ ፍሪሲዮን ስጨብጥ ይጠፋል፤ በ2ኛ ማርሽ ግን ይበረታል። እንግዲህ ጉዳቱ በ2ኛው ማርሽ ጥንድ ላይ መሆኑ ታወቀ። ከሁለቱ መዘውሮች የትኛው ነው? ለዚህ ሒሳብ ረዳኝ።

ስፈታው የጥርሶቹን ቁጥር በደብተሬ ጽፌ ነበር። የ2ኛው ማርሽ ትንሹ መዘውር 17፣ ትልቁ 32 ጥርስ አለው። የፊቱ ፒኞን 15፣ የኋላው 45 ነው። ስለዚህ የኋላው እግር 10 ጊዜ ሲዞር ሁለተኛው አልቤሮ 30 ጊዜ ይዞራል፤ አንደኛው ደግሞ 30 × 32 ÷ 17፣ ማለት 56 ጊዜ ያህል ይዞራል። ሞተሩን አጥፍቼ፣ የኋላውን እግር ከመሬት አንሥቼ፣ የፍሪሲዮኑን እጀታ በገመድ አስሬ 2ኛ ማርሽ አስገባሁ። ጎማው ላይ በጠመኔ ምልክት አደረግሁ። ታናሽ እኅቴ ጣቷን ከካቴናው አርቃ ጎማውን ስታዞር እኔ የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ በካምቢዮው ላይ፣ እጀታውን በጆሮዬ አድርጌ ቆጠርኩ። ሦስት ጊዜ ብንደግመው ሦስቱንም ጊዜ 56 ሆነ። የተጎዳው ትንሹ መዘውር ነው።

ይህን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አልቤሮው ከኩሽኔታው አልወጣ ብሎኝ በብረት መዶሻ ስመታ መዶሻው አንሸራቶኝ አጠገቡ ያለችውን መዘውር መትቶ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። አባቴ ስለ ድምፁ ሲጠይቁኝም «ኩሽኔታው አዲስ ስለ ሆነ ነው፤ ሲሠራበት ይለቃል» ብያቸው ነበር።

አባቴ ከደሴ ክርና ቁልፍ እየጫኑ ለኮምቦልቻ ልብስ ሰፊዎች ያደርሳሉ፤ የቤታችን መተዳደሪያም ይኸው ነው። የሐረጎን ቁልቁለት የሚወርዱት ፍሬኑ እንዳይግል በ2ኛ ማርሽ ሞተሩ እየያዘላቸው ነው። ጥርሷ ተሰብራ በመዘውሮቹ መካከል ብትገባ የኋላው እግር በድንገት ይቆለፋል። አባቴ ደግሞ በእኔ ቃል ተማምነው ሦስት ቀን ወርደዋል።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሊነጋ ሲል ተነሥቼ፣ «አባባ፣ ዛሬ አይውረዱ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «ልጄ፣ መሳሳትህ አይደለም ያሳዘነኝ፤ ሳትነግረኝ መቆየትህ ነው። በል ዕቃህን አምጣ፤ አብረን እንፈታዋለን» አሉኝ።

ስንፈታው የአንዲቷ ጥርስ ጠርዝ ተጨፍልቆ፣ ከሥሯም እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ታየ። ለመካኒክ ብናሳየው፣ እብጠት ብቻ ቢሆን ኖሮ በመሳያ ድንጋይ ማስተካከል ይቻል እንደ ነበር፣ ስንጥቅ ግን በመሞረድ እንደማይድን አስረዳን። ሁለቱንም መዘውሮች በአንድነት ለወጥን። አባቴ አራት የሥራ ቀን ከሰሩ፤ እኔም ለመጽሐፍ መግዣ ያጠራቀምኩትን ሰጠሁ።

በሁለተኛው ጊዜ የብረት መዶሻ አልነካሁም። የካምቢዮው ቤት አሉሚኒየም ነው፤ አሉሚኒየም ደግሞ ሲሞቅ ከብረት ሁለት እጥፍ ያህል ስለሚሰፋ፣ ቤቱን ስናሞቀው ኩሽኔታው ያለ ግፊት ለቀቀ። አልቤሮውንም በእንጨት መዶሻ ቀስ ብለን አወጣን። ገጥመን ከጨረስን በኋላ እኅቴ ጎማውን 10 ጊዜ አዞረች፤ ቀጭ የሚል ድምፅ አልነበረም።

ውድ ጓደኞቼ ሆይ፣ መሥሪያ ይዛችሁ ስትነሡ የጥርሱን ቁጥርና የዕቃውን ቅደም ተከተል ጻፉ፤ ድምፅ ስትሰሙም ሳትፈቱ በፊት መርምሩ። ከሁሉ በላይ ግን ያጠፋችሁትን ቶሎ ተናገሩ። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ያሉት ለሰው ብቻ አይደለም፤ ለሞተርም ይሠራል።