የሁኔታን መለወጥ ስለሚያመለክቱ የእንግሊዝኛ ግሦች

ሳሙኤል ጆንሰን የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1755 ዓመተ ምሕረት ባሳተመው መዝገበ ቃላት መቅድም፥ በቋንቋቸው ለባዕድ ሰው እጅግ የሚያስቸግረው ከግሥ በኋላ ትንሽ ቃል እየተጨመረ ምስጢሩ መለወጡ እንደ ሆነ ጽፎአል።

«ፓስ» ማለፍ ማለት ነው። «አውት» ሲጨመርበት ራስን መሳት ይሆናል፤ «አዌይ» ሲጨመርበት ግን መሞት ነው። ከውጭ አገር የመጣ ደብዳቤ ለዘመድ የሚያነብ ተማሪ ሁለቱን ያምታታ እንደ ሆነ፥ ታሞ ለዳነ ሰው ልቅሶ ይቀመጡለታል፤ ለሞተውም መርዶ ሳይነገር ይቀራል። ስለዚህ አስተማሪ ይህን ትምህርት ለጨዋታ አይቍጠረው።

እሳት «ዳይ ዳውን» ሲባል ነበልባሉ በረደ እንጂ ፍሙ አልጠፋም፤ «ዳይ አውት» ሲባል ግን ፈጽሞ ጠፋ። «ዳውን» ታች፥ «አፕ» ላይ ማለት ነውና፥ ቤት «በርን ዳውን»፥ ወረቀት «በርን አፕ» ሲባል፥ ተማሪው አንዱ ወደ ታች፥ አንዱ ወደ ላይ የነደደ ይመስለዋል። የሁለቱም ትርጓሜ ግን ተቃጥሎ ዐለቀ ነው።

በአማርኛችንም ይህን የመሰለ አነጋገር አለ፤ ነገር ግን እኛ በትንሹ ቃል ፈንታ ሁለተኛ ግሥ እናስከትላለን። ምንጩ ደረቀ ማለትና ምንጩ ደርቆ ቀረ ማለት አንድ አይደለም፤ ኋለኛውን እንግሊዞች «ድራይ አፕ» ይሉታል። እንግዲህ «አፕ»ን ላይ ብሎ ከማስተርጐም፥ እንደ ነገሩ «ቀረ» ወይም «ዐለቀ» ማሰኘት ይሻላል። ይህም ቢሆን በሁሉ አይሠራም፤ «ዌክ አፕ» ነቃ ማለት ብቻ ነው።