የውጭ ካሜራን በፓይተን ፕሮግራም ስለ ማሠራት

ለገጠር ትምህርት ቤት መምህራንና ፊደል ለቈጠሩ ሽማግሌዎች

ማናቸውም መሣሪያ ሥርዓቱን ለሚያውቅ ታዛዥ አገልጋይ ነው፤ ለማያውቅ ግን የተበላሸ ይመስለዋል። ስለዚህም ደኅና ካሜራ «አይሠራም» ተብሎ በዕቃ ቤት ይጣላል። ጉዳቱም የገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ልጆቹ ሊያዩት የሚገባውን ሳያዩ ይቀራሉ። እንግዲህ መሣሪያውን ከመኰነን አስቀድሞ በተራ መመርመር ይገባል።

ስለ ጥቅሙ። ወረታ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ በተዘረጋው በፎገራ ሜዳ ላይ ትገኛለች። ርብና ጉማራ በክረምት እየሞሉ ሜዳውን ስለሚያጠጡት አገሩ የሩዝ አገር ሆኗል፤ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም በዚሁ በወረታ ነው። አንዲት የሩዝ ቅንጣት ወይም የታመመ ቅጠል በመምህሩ እጅ ሳለ የሚያያት ከፊት የተቀመጠው ልጅ ብቻ ነው፤ በካሜራ ፊት ብትቀመጥ ግን ክፍሉ ሁሉ በአንድነት ያያታል። ምስሉንም አስቀምጦ ካለፈው ሳምንት ምስል ጋራ ማስተያየት ይቻላል።

ስለ መሣሪያዎቹ። ፓይተን የሆላንድ ሰው ጊዶ ቫን ሮሱም እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣው፣ ለኮምፒውተር ትእዛዝ የሚጻፍበት ቋንቋ ነው። ካሜራን ለማዘዝ ኦፕን ሲቪ የተባለ የትእዛዝ ስብስብ ይጨመርበታል፤ ይህም በኢንቴል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1999 የተጀመረ ሲሆን ያለ ዋጋ ይገኛል።

የምርመራውም ተራ ይህ ነው።

አንደኛ፤ ካሜራው በዩ ኤስ ቢ ቀዳዳ ከተሰካ በኋላ፣ ፓይተን ሳይነካ፣ በኮምፒውተሩ በራሱ የካሜራ ፕሮግራም ይታይ። ምስል ካልመጣ ጕድለቱ በሽቦው፣ በቀዳዳው፣ በካሜራው ወይም ኮምፒውተሩ ፈቃድ በመከልከሉ ነው። ምስል ከመጣ ግን ካሜራው ደኅና ነውና ጕድለቱን በጽሑፋችን ውስጥ እንፈልግ። ይህም ከታወቀ በኋላ ያ ፕሮግራም ይዘጋ፤ ካሜራ እንደ ልማዱ በአንድ ጊዜ ለአንድ ፕሮግራም ብቻ ያገለግላልና።

ሁለተኛ፤ ካሜራን የሚከፍተው ትእዛዝ ቪዲዮ ካፕቸር ይባላል፤ በቅንፉም ውስጥ የካሜራው ቍጥር ይጻፋል። ቍጥሩ የሚጀምረው ከ0 ነው። በተጣጣፊ ኮምፒውተር ላይ አብሮ የተሠራው ካሜራ ብዙ ጊዜ 0፣ የውጭው 1 ይሆናል። ስለዚህ 0 ብሎ የጻፈ መምህር ቅጠሉን ሲጠብቅ የራሱን ፊት ያያል። ሊኑክስ በተባለው ሥርዓት አንድ ካሜራ ሁለት ቍጥር ሊይዝ ስለሚችል የውጭው 2 ሊሆን ይችላል። እንግዲህ 0፣ 1፣ 2፣ 3 እያሉ በተራ መሞከር ነው።

ሦስተኛ፤ ካሜራው መከፈቱን ኢዝ ኦፕንድ በተባለው ትእዛዝ እንጠይቅ። ከዚያም ሪድ የተባለው ትእዛዝ ሁለት ነገር ይመልሳል፤ አንዱ «ተሳክቷል» ወይም «አልተሳካም» የሚል ቃል፣ ሁለተኛው ምስሉ ነው። ቃሉን ሳይመለከት ወደ ምስሉ የሚቸኵል ሰው ባዶ ነገር ይዞ ይቸገራል።

አራተኛ፤ ለመጀመሪያው ምስሉን 640 በ480 ማድረግ ይበቃል፤ ይህም 307,200 ነጥብ ነው። ካሜራው ዓይኑን ከብርሃኑ ጋራ እስኪያስማማ ድረስ የመጀመሪያዎቹ ምስሎች ሊጨልሙ ስለሚችሉ ጥቂቶቹን ማለፍ ይገባል።

አምስተኛ፤ ኦፕን ሲቪ ቀለምን የሚያስቀምጠው ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ቀይ በሚል ተራ ነው። ሌሎች ብዙ ፕሮግራሞች ግን ከቀይ ይጀምራሉ። ተራው ሳይለወጥ ምስሉ በእነዚያ ቢታይ አረንጓዴው ቅጠል አረንጓዴ እንደ ሆነ ይቀራል፤ ቢጫው ግን ወደ ሰማያዊ ያደላል። የሩዝ ሕመም አንዱ ምልክት የቅጠል ቢጫነት ነውና፣ ይህን ያልተጠነቀቀ መምህር ሳያውቅ ሐሰት ያስተምራል።

ስድስተኛ፤ ሥራው ሲፈጸም ሪሊዝ በተባለው ትእዛዝ ካሜራው ይለቀቅ። ያልተለቀቀ ካሜራ በሚቀጥለው ጊዜ እንቢ ሊል ይችላል።

ሽማግሌዎችም በዚህ ትምህርት ድርሻ አላቸው። ካሜራ ቅንጣቷን አጉልቶ ያሳያል እንጂ ስሟን አይናገርም። የሩዙን ዘርና የቅጠሉን ሕመም ለይቶ የሚናገር በእርሻ የኖረ ሰው ነው። ስለዚህ መምህሩ ካሜራውን ባዘጋጀበት ቀን ከመንደሩ አንድ አዋቂ ገበሬ ጠርቶ በአጠገቡ ያስቀምጥ፤ ልጆቹም በዓይናቸው እያዩ ከአፉ ይስሙ።