አሜሪካ እስራኤልን ለምን ትደግፋለች?

የፍልስጤም ወገኖቻችን ጉዳይ በተነሣ ቁጥር ይህን ጥያቄ «የአይሁድ ሎቢ ነዋ!» ብለን እንዘጋዋለን። ሎቢ የለም አንልም፤ ግን ብቻውን ነገሩን አያስረዳም። ሕዝብን በጅምላ መውቀስም ከፍትሕ ያርቀናል።

በ1956 እ.ኤ.አ. እስራኤል ሲናን ስትይዝ ተጭና ያስወጣቻት ራሷ የአይዘንሃወር አሜሪካ ነበረች። ወዳጅነቱ የጠበቀው ከ1967 በኋላ ነው። ሶቪየት ኅብረት ያስታጠቀቻቸው ግብፅና ሶሪያ በስድስት ቀን ሲሸነፉ፣ ዋሽንግተን ለቀዝቃዛው ጦርነት የሚሆን አጋር አየች።

ዛሬስ? በ2016 የተፈረመው ስምምነት ለ10 ዓመት 38 ቢሊዮን ዶላር ወታደራዊ እርዳታ ይሰጣል። እስራኤል ከእርዳታው ከፊሉን በአገሯ ፋብሪካዎች እንድታውል የነበራት ፈቃድ ግን በዚሁ ስምምነት ቀስ በቀስ እንዲቀር ተወስኗል። አብዛኛው ገንዘብ ዞሮ የሚገባው የአሜሪካ መሣሪያ አምራቾች ኪስ ነው።