የመገጣጠሚያ ሕመምና የበዓል ሰሞን ድካም



ታኅሣሥ 29 ከምናከብረው የልደት በዓል እስከ ጥር 11 ጥምቀት ድረስ ያለው ሰሞን የደስታ ወቅት ነው። ይሁን እንጂ ጉልበታቸውን፣ ወገባቸውን ወይም የእጅ ጣቶቻቸውን ለሚያማቸው ወገኖች፣ ይልቁንም ለእናቶች፣ እጅግ የሚከብድ ጊዜ ይሆናል። ብዙዎቹ ሕመማቸውን ደብቀው ያሳልፉታል፤ አንዳንዶቹም መቆምና መስገድ ስላልቻሉ አፍረው ከቤተ ክርስቲያን እስከ መቅረት ይደርሳሉ። ስለዚህ ሕመሙ ምን እንደ ሆነ፣ በበዓል ሰሞን ለምን እንደሚብስና ምን ማድረግ እንደሚገባ በዚህ ትምህርት እንመለከታለን።

1. ሕመሙ ምንድን ነው?

ሕዝባችን በጅምላ «ቁርጥማት» ከሚላቸው ሕመሞች አንዱ በሕክምና ቋንቋ ኦስቲዮአርትራይተስ ይባላል። ሁለት አጥንቶች በሚገናኙበት ስፍራ ጫፎቻቸውን የሚሸፍን ለስላሳ ልባስ አለ፤ አጥንት ከአጥንት ጋር እንዳይፋተግ የሚከላከለው እርሱ ነው። ይህ ልባስ እየሳሳ ሲሄድ መገጣጠሚያው ያማል፣ ይደርቃል፣ አንዳንዴም ያብጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገለጸው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ 528 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ይህ ሕመም ነበረባቸው፤ ከመቶው 60 ያህሉ ሴቶች ናቸው። ለሕመሙ የሚያጋልጡት የዕድሜ መግፋት፣ የሰውነት ክብደትና በመገጣጠሚያው ላይ ቀድሞ የደረሰ ጉዳት እንጂ «ብርድ መታኝ» እንደሚባለው ብርድ አይደለም። ፈጽሞ የሚያድነው መድኃኒት ባይገኝም ሥቃዩን ማቅለል ይቻላል።

2. በበዓል ሰሞን ለምን ይብሳል?

ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ በሥራ የሚነሣ፣ በዕረፍት የሚቀልል ነው። የበዓል ዋዜማ ግን ዕረፍት የለውም። ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ለረጅም ሰዓት ሽንኩርት መክተፍ፣ ጀሪካን ተሸክሞ መመላለስ፣ ቡና ለማፍላት ደጋግሞ መቀመጥና መነሣት ጉልበትን ያስጨንቃሉ፤ ጉልበት አብዝቶ በታጠፈ መጠን የሚያርፍበት ጫና ይጨምራልና። በዚህ ላይ ሌሊቱን በጸሎት መቆምና በጥምቀት ረጅም መንገድ መሄድ ይታከልበታል።

3. ምን እናድርግ?

ሀ) ሥራን መከፋፈል። አስቀድሞ ሊዘጋጅ የሚችለው ሁሉ በቀደሙት ቀናት በጥቂት በጥቂቱ ይሠራ። በበርጩማ ፈንታ ከፍ ባለ ወንበር በጠረጴዛ ላይ መክተፍ፣ በየግማሽ ሰዓቱም ተነሥቶ መንቀሳቀስ ይጠቅማል።

ለ) እንቅስቃሴን አለመተው። ፈጽሞ መተኛት ጡንቻን ያደክማል። ወንበር ላይ ተቀምጦ አንዱን እግር ቀጥ አድርጎ መዘርጋት፣ ጥቂት ቆይቶ ማውረድ፣ ይህንም አሥር ጊዜ ያህል መደጋገም የጭንን ጡንቻ ያጠነክራል፤ የጠነከረ ጭን ጉልበትን ይደግፋል።

ሐ) ክብደትን መጠበቅ። ከመጠን በላይ ለወፈረ ሰው አንድ ኪሎ መቀነስ በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበቱ ላይ አራት ኪሎ ያህል ጫና ያነሣለታል። ስለዚህ ጾም ሲፈታ በልክ መብላት ይገባል።

መ) ምርኩዝ መያዝ። ምርኩዝ የሚያዘው ከሚያመው ጉልበት በተቃራኒ ባለው እጅ ነው።

ሠ) በመድኃኒት መጠንቀቅ። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የተባሉት ክኒኖች ጨጓራን ሊያቆስሉና ሊያደሙ፣ ኩላሊትንም ሊጎዱ፣ የደም ግፊትንም ሊጨምሩ ይችላሉ። በባዶ ሆድ ወይም ከጠጅና ከአረቄ ጋር መውሰድ አደገኛ ነው፤ አስቀድሞ ሐኪም ይጠየቅ። ለጉልበትና ለእጅ የሚቀባው ዓይነት ጉዳቱ ያነሰ ነው። መገጣጠሚያው ቀልቶና ግሎ በድንገት ቢያብጥ ወይም ትኩሳት ቢኖር ግን በዓሉ እስኪያልፍ ሳይጠብቁ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።

4. የቤተሰብና የቁምስና ድርሻ

በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 17 እንደምናነበው፣ ሙሴ እጆቹ በዛሉ ጊዜ ድንጋይ አምጥተው አስቀመጡት፤ አሮንና ሆርም በግራና በቀኝ እጆቹን ደገፉ። ሙሴ በመቀመጡ ጸሎቱ አልተቋረጠም፤ በመደገፉም አላፈረም። እንግዲህ በቅዳሴ ጊዜ ተቀምጦ የሚጸልይ ሕመምተኛ አምልኮው አልጎደለም፤ ስግደቱንም ራሱን ዝቅ በማድረግ ሊፈጽም ይችላል። ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን በጾም አታስገድድም። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1992 የዓለም የሕሙማን ቀን በየዓመቱ እንዲከበር የወሰኑትም ሕመምተኞች በማኅበረ ምእመናን መካከል ያላቸውን ስፍራ ለማሳሰብ ነው።

ነገር ግን ድንጋዩን ያመጡት ሌሎች ነበሩ። ባልና ልጆች ውኃውን ይቅዱ፣ ድስቱን ያንሡ፤ እናት እስክትለምን አይጠብቁ። መምህራንም በበዓል ቀን ለአረጋውያን ወንበር አስቀድመው ያዘጋጁ፤ የተቀመጠውንም «ተነሥ» ከማለት ይቆጠቡ። እናት በማጀት ስታነክስ ሌላው በማዕዱ ዙሪያ ቢደሰት በዓሉ የሁላችን ሊባል አይችልም።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቤታችን የበዓሉን ሥራ ከሁሉ አብልጦ የሚሸከመው ማን ነው? በዘንድሮው በዓል የትኛውን ሥራ ልንረከበው እንችላለን?
2. በቁምስናችን በሕመም ምክንያት ከቅዳሴ የቀሩ አረጋውያን አሉን? እንዴት እናምጣቸው?
3. አሮንና ሆር ለሙሴ ካደረጉት ምን እንማራለን?